የተነከረው መዶሻ

የድሬዳዋ ሙቀት እንጨት ያከሳል። ሰው ሲከሳ የሚያዝንለት አያጣም፤ የመዶሻ እጀታ ሲከሳ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ለዚህ ነው መጋላ ሰፈር ዳር፣ ደቻቱ የሚባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ አፋፍ ላይ ባለው የሉቅማን ጋራዥ ውስጥ አንድ የማይሻር ደንብ የነበረው። ሥራ ሲያበቃ ትልቁ መዶሻ ውሃ በርሜል ውስጥ ተነክሮ ያድራል። እንጨቱ ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ብረቱን አንቆ ይይዘዋል፤ በማግስቱ የጭነት መኪና ባሌስትራ ሲደበደብበት ቢውል ንቅንቅ አይልም። ነከራው በየሳምንቱ በተራ ነበር፤ አንዱን ሳምንት ሊበን፣ አንዱን ታናሽ ወንድሙ ሁዘይፋ፣ አንዱን ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው ያደገው ኒቆዲሞስ።

ግንቦት ውስጥ አንድ ጠዋት ኒቆዲሞስ መዶሻውን ከራሱ በላይ አንስቶ ሲያወርደው ብረቱ አየር ላይ ከእጀታው ወለቀ። ማዶ ተንበርክኮ ብሎን ይፈታ የነበረውን ሁዘይፋን ጆሮ ግንዱ ላይ አገኘው። ሐብሐብ ከጋሪ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ልጁ አልጮኸም። እንደተንበረከከ ወደ ጎን ጋደም አለ፤ ደሙ ከተቃጠለው ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ወደ በሩ መውረድ ጀመረ። ኒቆዲሞስ ባዶውን እጀታ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ሊበን ከመኪናው ሥር ወጥቶ መጀመሪያ ወንድሙን፣ ቀጥሎ እጀታውን አየ። ከዚያ በኋላ ምንም አላየም ማለት ይቻላል። እጀታውን ነጥቆ በዚያው በእጀታው የኒቆዲሞስን ፊት መታው፤ ጉንጩ ተተረተረ፣ ሁለት ጥርሱ አፉ ውስጥ ተሰበሩ። ወደቀ፤ ወድቆም መታው። አብሯቸው የሚሠራው አዩብ ከኋላ ወገቡን ባይዘው ኖሮ የዚያን ቀን መጋላ ሁለት ሬሳ ታወጣ ነበር።

ኒቆዲሞስ ደሙን እየተፋ ወደ አሸዋው ሮጠ። የሰው ነገር ይገርማል፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ከእሱ ጋር ሻይ ሲጠጡ የነበሩት ጎረቤቶች፣ ማን ምን እንዳደረገ ሳይጠይቁ ድንጋይ አነሱ። አንዱ ጀርባውን፣ አንዱ ቁርጭምጭሚቱን አገኘው። እየተንፏቀቀ ማዶ ወጣና የመጀመሪያዋን ባጃጅ ይዞ ወደ ሳቢያን፣ ወደ ክርስትና አባቱ ወደ ወልደጻድቅ ቤት በረረ። ሊበንም ባጃጅ አላጣም።

ወልደጻድቅ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። በሩን ዘግተው ከውጭ ቆሙ። ሊበን የወረወረው ድንጋይ ግንባራቸውን ገመሰው፤ ደሙ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን ድንጋይ ሲያነሳ አላጎነበሱም። በሸሚዛቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ልጄ፣ ወንድምህ አሁን ማን አጠገቡ አለ?»

ሊበን ድንጋዩን እንደያዘ ዞሮ ወደ መጋላ አየ። ማንም አልነበረም። ሁሉም ኒቆዲሞስን ሊያሳድድ ወጥቶ ነበር፤ እሱም ራሱ። ድንጋዩን ጥሎ ወደ መጋላ ተመለሰ፤ ሁዘይፋን ሲያገኘው ፊቱ ላይ ዝንብ አርፎ ነበር። ያንን ዝንብም በኒቆዲሞስ ላይ ቆጠረበት።

ፖሊስ መረመረና ሳያስበው የደረሰ አደጋ ነው ብሎ ኒቆዲሞስን በዋስ ለቀቀው። የአገር ሽማግሌዎች ከደቻቱ ወዲህም ወዲያም ተሰባስበው ተቀመጡ። የሟች እናት ሃዎ ተጠየቀች። ለልጄ ካሳ አልቀበልም፣ ደም በደምም አልፈልግም፣ ያንን ልጅ ግን መንገዴ ላይ አላየውም ብላ ጥቁር መሸፈኛዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ያልተለመደ መልስ ነበር።

ያኔ ወልደጻድቅ ግንባራቸውን በነጭ ጨርቅ እንደታሰሩ ተነሥተው ሐሳብ አቀረቡ። ኒቆዲሞስ ዓመት እስኪሞላ እኔ ቤት ይቀመጥ፣ ደቻቱ ድንበሩ ይሁን፣ ከድንበሩ ወዲያ እስካለ ድረስ ማንም አይንካው አሉ። ይህንን ከኦሪት እንዳገኙት ሁሉም ያውቃል። አባታቸው በደጉ ዘመን ከየመኗ ኤደን የመጣ የአንድ አይሁዳዊ ቆዳ ነጋዴ መጋዘን ጠባቂ ነበሩ፤ አምስቱን የኦሪት መጻሕፍት ለዓመቱ ቅዳሜዎች እየከፋፈሉ ማንበብ የተማሩት ከነጋዴው ነው፤ ልጃቸውም ያንን ወርሰዋል። የሰፈሩ ሰው ሲቀልድባቸው «አባባ ኦሪት» ይላቸዋል። ሐሳባቸው ግን የሙስሊሞቹንም ሽማግሌዎች ልብ አገኘ።

ሊበን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ከተሻገረስ አለ። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ ቶሎ የሚቆጣው አብዲራህማን ቀኑን ሙሉ በመቀመጥ ወገቡ ደንዝዞ ነበርና፣ በራሱ እግር ከተሻገረማ ደሙ በራሱ ላይ ነው ብሎ ዘጋው። ሊበን ያችን ቃል ይዞ ወጣ። ደቻቱ ክር እንዳልሆነ፣ በግ የሚታሰርበትና ኳስ የሚጫወቱበት ሰፊ አሸዋ እንደሆነ፣ መሐሉ የማን እንደሚባል አንድም ሰው አላነሣም። ሰው የዕለት መንገዱን አያስተውልም።

ያን ሳምንት የነከራው ተራ የማን እንደነበረም ማንም አልጠየቀም።

ሰኔ ሙሉ ሊበን ከሥራ መልስ አሸዋው አፋፍ ላይ ይቀመጣል። የሚያብረቀርቅ ካራ ወገቡ ላይ አለ። ማዶ አንድ ረዘም ያለ ሰው ባየ ቁጥር ይነሳል፤ ኒቆዲሞስ አለመሆኑን ሲያይ ይቀመጣል። አንድ ቀን አዩብ ይበቃሃል ቢለው ጉሮሮውን አንቆ ከግንቡ ጋር አጋጨው፤ አዩብ አንድ ሳምንት መዋጥ አቃተው። ቤትም ሰላም የለም። ሃዎ ለቅሶ ሊደርስ ለመጣ ሁሉ የምትነግረው ያንኑ የመጨረሻ ማታ ነው። መጋላ ሙሉ ውሃ ጠፍቶ፣ ሊበን ግን ለጓደኛው ሰርግ ታጥቦ ሽቶ ተቀብቶ ሲገባ ሁዘይፋ «ወላሂ ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?» ብሎ ሲስቅበት፣ እሷም ውሃውን ከየት አገኘኸው ብላ ስትጠይቀው። ይህን ስታወራ ሊበን ሁልጊዜ ተነሥቶ ይወጣል። ሰው ወንድሙን ናፍቆ ነው ይላል።

ሐምሌ ሲገባ ሃዎ ያንን ሽማግሌ በድንጋይ መትተህ እስካሁን አውፍ በሉኝ አላልክም፣ ሂድ ብላ አጣደፈችው። ሊበን እሺ ያለው ለይቅርታው አልነበረም፤ የአጥሩን ቁመትና ኒቆዲሞስ የሚተኛበትን ክፍል ለማየት ነበር። ካራውን ሸሚዙ ሥር አድርጎ ቅዳሜ ረፋድ ሳቢያን ወረደ።

ወልደጻድቅ በረንዳቸው ላይ መጽሐፋቸውን ዘርግተው አገኛቸው። ግንባራቸው ላይ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር። አላባረሩትም፤ ወንበር ሰጡት፣ ከእንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ቀዱለት። ኒቆዲሞስ ከጓዳ በር ሥር ጥላው ታየ፤ ሊበን እጁን ሸሚዙ ሥር አስገባ። ሽማግሌው እጁን አይተው እንዳላዩ ሆኑና የሳምንቱ ንባብ የእስራኤል ልጆች የበረሃ ጉዞ መሆኑን ነገሩት። ከግብፅ ወጥተው ዮርዳኖስ ዳር እስኪደርሱ የሰፈሩበትን ቦታ ሁሉ ሙሴ እየጠራ ይጽፈዋል። ጥላና ምንጭ ያገኙበትንም ይጽፈዋል፣ ያጉረመረሙበትንም፣ የሞቱበትንም።

ጣታቸው ገጹ ላይ እየሄደ ቆመ። ራፊዲም የሚባል ቦታ ነው አሉ፤ ስለዚህ ቦታ የጻፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በዚያ ለሕዝቡ የሚጠጣ ውሃ አልነበረም ይላል።

ሊበን የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ወደቀ።

ውሃ አልነበረም። በርሜሉ ውስጥ ውሃ አልነበረም። የዚያ ሳምንት ተራ የእሱ ነበር። ማታ ሰርጉ ሲያስቸኩለው፣ መጋላ ውስጥ ጠብታ ሲጠፋ፣ የበርሜሉን ውሃ እስከ መጨረሻው ቀድቶ ገላውን ታጠበበት። መዶሻውን ባዶው በርሜል ውስጥ ወርውሮ፣ ነገ ውሃ ሲመጣ ይሞላል ብሎ ወጣ። ውሃው ግን አልመጣም። ይህን ነገር እስከዚያ ቀን በሆዱ አፍኖ ይዞት ነበር፤ ብቅ ባለ ቁጥር የኒቆዲሞስን ፊት እያመጣ ይደፍቀዋል። ጥላቻውም የበረታው ለዚህ ነው። ሰው ራሱን መምታት ሲያቅተው የሚመታው አያጣም።

ሽማግሌው የተሰበረውን ብርጭቆ ሳያነሡ ቀጠሉ። «ሙሴ ያን ቦታ ቢዘለው ማን ያውቅበት ነበር?» አሉ ቀስ ብለው። «ግን አንዱን ሰፈር የዘለለ ሰው መንገዱን ተናገረ አይባልም።» ከዚያ ገጽ ገልጠው፣ ሳያውቅ ሰው የገደለ የሚሸሽባቸው ከተሞች እንዲለዩ የታዘዘበትን አሳዩት። ሰው ሁሉ እነዚያ ከተሞች ለገዳዩ ብቻ የተሠሩ ይመስለዋል አሉ፤ ለደም መላሹም ነው፤ አንዱን ከመሞት ሲያድኑ ሌላውን ነፍሰ ገዳይ ከመሆን ያድኑታል።

ሊበን ተነሣ። አውፍ በሉኝ ሊል የመጣውን ሳይል ወጣ። ይህ ነገር ልቡን ቢያበርድለት ደግ ነበር፤ ግን የተነካ ቁስል ይብሳል እንጂ አይሽርም። መንገዱን ሙሉ ያሰበው አንድ ነገር ነው፤ ኒቆዲሞስ ከሞተ ስለ በርሜሉ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም።

በማግስቱ አዩብን አግኝቶ አንገቱን አቅፎ ሳመው፤ ተጸጽቻለሁ አለው። ቤተሰቡ ለኒቆዲሞስ አውፍ ብሎታል፣ ድንበሩን እንዳያፈርስ መጋላ ሳይገባ ነገ ቀትር አሸዋው መሐል ድረስ ይምጣ፣ እኔ ብቻዬን እጠብቀዋለሁ በለው አለ። አዩብ የዋህ ነው፤ እንባው መጥቶ እየሮጠ ሄደ። የአውፍን ቃል ለወጥመድ መጠቀም ምን ያህል ርኩስ እንደሆነ ሊበን ጠፍቶት አልነበረም። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ካራውንም ተወው። ያንኑ የሁዘይፋን ደም የጠጣ የመዶሻ ብረት ጋራዡ ጥግ ከተጣለበት አነሣ፤ አዲስ እጀታ አስገባለት፣ ሽብልቅ መታበት። ከዚያ በርሜሉን በጀሪካን ውሃ እያመላለሰ ሞላና መዶሻውን ነከረው። እጁ ከለመደው ሥራ አልወጣም። ሌሊቱን እንጨቱ ሲያብጥ እሱ እንቅልፍ አጣ።

ቀትር ላይ መጋላ ጫቱን ይዞ ወደ ጥላ ሲገባ፣ አሸዋው ባዶ ይሆናል። ሊበን መዶሻውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ከጀርባው ደብቆ ቆመ። ኒቆዲሞስ ከማዶ ወረደ። የታጠበ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጉንጩ ላይ ያለው ስፌት ፈገግ ለማለት ሲሞክር ወደ ላይ ጎተተው። እጁን ዘርግቶ መጣ፤ እንደ ልጅነታቸው ሊያቅፈው።

«ወሪያ ሊበን፣ ሃዎ እውነት አውፍ አለችኝ?» አለ።

ሊበን ጆንያውን ጣለው። የመጀመሪያውን ምት ጭንቅላቱ ላይ ነበር ያሰበው፤ ኒቆዲሞስ በደመ ነፍስ ዘወር አለና ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ለሁለቱም ተሰማቸው። ወደቀ፤ አሸዋ አፉ ገባ፤ በደህናው እጁ እየዳኸ ሊያመልጥ ሲል ሊበን ጎኑን ረገጠው፣ ደጋግሞ ረገጠው፣ በጀርባው እስኪገለበጥ። ከዚያ ደረቱ ላይ አንድ እግሩን አቁሞ መዶሻውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣ።

ኒቆዲሞስ ዓይኑን አልጨፈነም። የሊበንን ፊት ሳይሆን መዶሻውን ነበር የሚያየው። ከእጀታው የተንጠባጠበ ውሃ ግንባሩ ላይ አረፈ።

«ዛሬ ነክረኸዋል» አለ።

የሊበን ክንድ አየር ላይ ደረቀ። ታውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ያን ጠዋት ሳወጣው በርሜሉ ባዶ ነበር» አለ ኒቆዲሞስ፣ አፉ ውስጥ ያለውን አሸዋና ደም እየተፋ። «መሬት ላይ መታ መታ አደረግኩት፤ ያዘልኝ ብዬ አነሣሁት። ደረቅ መሆኑን እያወቅኩ ነው። የኔም ጥፋት ነው።»

«ለሽማግሌዎቹ ለምን አልተናገርክም?»

«ሃዎ የቀራት አንድ ልጅ ነው።»

መዶሻው ወረደ። ኒቆዲሞስ ላይ አልነበረም፤ ከጆሮው ጎን አሸዋው ውስጥ እስከ አንገቱ ገባ። ብረቱ ከእጀታው ንቅንቅ አላለም። ሊበን አሸዋው ላይ ተንበረከከ፤ ያን ሁሉ ወር አንድ ዘለላ ያላወጣው እንባ በአንድ ጊዜ መጣ። በሁለት እጁ አሸዋውን እየዛቀ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኒቆዲሞስም ከሕመሙ ብዛት አለቀሰ። ለሁለቱም እውነተኛው ለቅሶ ያኔ ነበር።

ኒቆዲሞስ፣ ሐኪም ቤት ስንደርስ ወድቄ ነው እላለሁ ቢለውም ሊበን አልሰማውም። አዝሎት ማዶ ወጣ። ሐኪም ቤት ወስዶ ማን መታው ሲባል እኔ ብሎ ስሙን አስመዘገበ፤ ትከሻው ከታሰረለት በኋላ ሳቢያን ድረስ ወስዶ በሩን አንኳኳ። ወልደጻድቅ ከፍተው የልጁን ክንድ፣ ቀጥሎ የሊበንን ፊት አዩ። ሊበን ሁሉንም ነገራቸው፤ ሰርጉን፣ ውሃውን፣ ባዶውን በርሜል፣ በአውፍ ስም የላከውን ወጥመድ። እዚሁ እቀመጥ፣ ደብቁኝ አላቸው።

ሽማግሌው ኒቆዲሞስን ደግፈው ወደ ውስጥ አስገቡ። ተመልሰው ሲመጡ በሩን ለሊበን አልከፈቱለትም፤ ግን እጃቸውን ራሱ ላይ አኖሩ። «ይህን የዘለልከውን ሰፈር የምትነግራት እናትህን ነው» አሉት። «እዚያ ሳትደርስ እኔ ጋ አትግባ።»

ደቻቱን በድልድዩ ላይ ተሻገረ። በዚያ አሸዋ ላይ ዳግመኛ እግሩን ማሳረፍ አልቻለም። ሃዎ የግቢው ጥላ ውስጥ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ሸሚዙ ላይ ያለውን ደም አይታ ሰፌዱን አስቀመጠች። የማን ነው ብላ ጠየቀችው። የኒቆዲሞስ ነው፣ በሕይወት አለ አላት፤ ቀጠለና በርሜሉን ነገራት። ሲጨርስ የሩዙን አቧራ ከእጇ አራገፈች።

«ያን ማታ ውሃውን ከየት አገኘኸው ብዬህ ነበር» አለች።

«ብለሽኝ ነበር፣ እማ።»

«አልመለስክልኝም።»

ሊበን ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሃዎ ተነሣች፤ እጇን ዘርግታ ከደጃፉ አቆመችው። ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታው ይሻለው ነበር። አልመታችውም። ገብታ ምንጣፍ ይዛ ወጣች፤ በቤቱ በርና በአጥሩ በር መሐል፣ ግቢው ላይ ዘረጋችው።

«ከዚህ ወደ ቤት አትግባ፤ ዓይንህን ማየት አልችልም» አለችው። «ከአጥሩም አትውጣ። ሰው ሰምቶ ድንጋይ ያነሣብሃል። እስክጠራህ እዚህ ተቀመጥ።»

ሊበን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ሃዎ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ቆየት ብላ ግን ከፈት አድርጋ፣ ሳታየው፣ አንድ ጣሳ ውሃ ምንጣፉ ጫፍ ላይ አኖረችለትና ተመለሰች።